የካፒታሊዝም ሙግት በደሴና በኮምቦልቻ

ደሴ ላይ ስለ ካፒታሊዝም መሟገት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ሞባይል ሳይኖር፣ ፌስቡክ የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ባለችው በዚህች ብርዳም ከተማ ወጣቶች ጋቢ ተከናንበው ስለ ማርክስና ስለ ሌኒን ይከራከሩ ነበር። አሁን ክርክሩ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ቴሌግራም ላይ ይጀመራል፣ ቲክቶክ ላይቭ ላይ ይጦፋል፣ በማግስቱ ሻይ ቤት ይቀጥላል። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ መሬቱ፣ ቤቱ፣ ፋብሪካው የማን ይሁን?

ደሴንና ኮምቦልቻን አንድ ላይ ማየት ይሻላል። ደሴ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች የነጋዴና የተማሪ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደው፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚደርሱባት ሞቅ ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። ልዩነቱ ክርክሩ ላይም ይታያል። የደሴ ሰው የሱቅ ኪራይና የግብር ነገር ሲነሳ ደሙ ይፈላል። ኮምቦልቻ ሲወርዱ ወሬው ደመወዝ ነው። ይህን የምለው አጥንቼ አይደለም፤ ሚኒባስ ውስጥ ስመላለስ ከሰማሁት ነው።

የክርክሩን ሥር የሚፈልግ ሰው ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ድረስ መሄድ አለበት። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም ነው። የሚገርመው፣ ዙፋኑን ለመጣል ከተነሱት ተማሪዎች አንዱ የሆነው ዋለልኝ መኮንን እዚሁ ተምሯል። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ጥያቄው የመደብ ነበር። ዋለልኝ ሌላ ጥያቄ ጨመረበት። ኅዳር 1962 ዓ.ም. «ትግል» በተባለው የተማሪዎች መጽሔት ላይ ኢትዮጵያ ገና አንድ ብሔር አልሆነችም፣ የብዙ ብሔረሰቦች አገር ናት ብሎ ጻፈ። መፍትሔውም በእሱ ዓይን ሶሻሊዝም ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከጓዶቹ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ተገደለ።

ዛሬ ስልክ ላይ የሚናቆሩት ሁለቱ ጎራዎች፣ «ችግሩ የመደብ ነው» ባዩና «ችግሩ የብሔር ነው» ባዩ፣ ሁለቱም ከዚያ ዘመን የተቀዱ ናቸው። ዋለልኝን አንዱ ያነግሠዋል፣ ሌላው አገር አፍራሽ ይለዋል። እኔን የሚያበሽቀኝ ሁለቱም ወገን ብዙ ጊዜ ሳያነበው መሆኑ ነው። ጽሑፉ አጭር ነው። ቡና እስኪፈላ ተነቦ ያልቃል።

ወሎ ውስጥ ስለ ገበያ ሲወራ ግን ከጽሑፍ ሁሉ በላይ የሚከብደው ረሃቡ ነው። የ1965ና የ1966ቱ ረሃብ ወሎን አደቀቃት። ሰው ከየገጠሩ ወጥቶ አውራ ጎዳናው ላይ ተሰለፈ፣ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ለመነ። መንግሥት ጉዳዩን አድበስብሶ ያዘው። በኋላ ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ይህን ረሃብ ሲመረምር የደሴን ገበያ ዋጋ ተመለከተ። ያገኘው ግራ የሚያጋባ ነበር። ሰው እየረገፈ፣ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም እህል ከወሎ እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ እንደነበር ጠቅሷል።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ሴን እንደሚለው ገበሬው አዝመራው ሲጠፋ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትንም አጣ። ከብቱ አለቀ ወይም በርካሽ ተሸጠ። ዋጋ የሚያስወድደው ገዢ ነው። የራበው ሁሉ ደግሞ ገዢ አይደለም። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ደሴ ሸዋ በር ቆሞ ቢያለቅስ የእህል ነጋዴው ሚዛን አይነቃነቅም። ስለዚህ እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ሄደ።

ይህ ታሪክ ለግራ ዘመሙ ተከራካሪ ትልቁ ምርኩዝ ነው። ገበያ ብቻውን ሲተው ለሀብታም እንጂ ለተራበ አይሠራም ይላል። የገበያው ጠበቃም ዝም አይልም። ያኔ የነበረው ካፒታሊዝም ሳይሆን የባለርስትና የጭሰኛ ሥርዓት ነው፣ ረሃቡንም የደበቀው መንግሥት ነው ብሎ ይመልሳል። ቀጥሎ የ1977ን ረሃብ ያነሳል። ያኔ መሬት ተወርሷል፣ አገሩ ሶሻሊስት ተብሏል፣ ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ የኮታ እህል እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። ያም ሆኖ በዚያን ጊዜ የወሎ አካል በነበረችው ኮረም ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ወሎ በሁለት ሥርዓት ሁለት ጊዜ ተራበች። ከዚህ በላይ ቁም ነገር ያለው ክርክር አልሰማሁም። የሚያሳዝነው፣ ስልክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ድረስ አይደርስም።

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ገበሬ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ፣ ከተሜ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነ ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለመንግሥቱ የኪራይ ቤቶች ድርጅት ሄደ። ደሴ ውስጥ የዚህ አዋጅ ነገር ዛሬም አልበረደም። በአንድ ሠፈር ቤቱ የተወረሰበት ሰው ልጅና በቀበሌ ቤት ያደገ ልጅ ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ «የአባቴን ላብ ዘረፉት» ይላል። ሌላው «ያ አዋጅ ባይኖር እናቴ የት ትወድቅ ነበር?» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

በዚያው ዘመን ክርክሩ የራሱን ቋንቋ ፈጠረ። ወዛደር፣ አድሃሪ፣ ንዑስ ከበርቴ፣ አቆርቋዥ የሚሉት ቃላት በየውይይት ክበቡ ተሸመደዱ። በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አብዮታዊ መድረክ» በተባለው ዓምድ ሥር ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት የግራ ፓርቲዎች አስተሳሰቦች ተፋጠጡ። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ አለ። መኢሶን ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ አለ። ልብ በሉ፣ ሁለቱም ሶሻሊስት ነበሩ። በመሬት፣ በፋብሪካ፣ በባንክ ጉዳይ ልዩነታቸው ጠባብ ነበር። ግን አንዱ ሌላውን «ባንዳ» አለው፣ ያኛውም መልሶ «አናርኪስት» አለው፣ ነገሩም ከብዕር ወደ ጥይት ተሻገረ። ቀይ ሽብር ደሴንም አልማራትም።

ስሙ ቢቀያየርም ልማዱ ቀጠለ። በኢሕአዴግ ጊዜ «ኪራይ ሰብሳቢ»፣ «ጠባብ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «ኒዮሊበራል» መጡ። «ባንዳ» ደግሞ ጡረታ የማይወጣ ቃል ነው፤ ዛሬም ኮሜንት ሥር ተሠልፎ ይጠብቃል። የእነዚህ ቃላት ጥቅም አንድ ነው። ሰውየው ምን እንዳለ ከመመርመር ያሳርፋሉ። ስለ ሊዝ ዋጋ ጥያቄ ያነሳ ልጅ በሦስተኛው መልስ ላይ ዘሩ ይጠየቃል። በአምስተኛው ላይ ሃይማኖቱ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሊዝ የሚያወራ የለም።

ወሎ ላይ ይህ ሲሆን የበለጠ ይከነክናል። በአንድ ቤት እስላምና ክርስቲያን ተጋብቶ የሚኖርበት አገር ነው። ጠብ ሲነሳ አባጋሮች መሐል የሚገቡበት አገር ነው። የድሮው ሙግትም ቢሆን ደንብ ነበረው። በላ ልበልሃ ላይ ተሟጋች ዋስ ይጠራል፣ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ዳኛ ፊት ይቆማል። ባላጋራዬን አላውቀውም ማለት አይቻልም። አሁን ያለው የፌስቡክ አርበኛ ዋስም ፊትም የለው። ሕግ አልጠፋም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሐሰት መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። ግን ስድብን ሁሉ ሕግ አያቆመውም።

ጦርነቱም ሁሉን አባብሶታል። ሁለቱ ከተሞች ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከአንድ ወር በላይ በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። ያኔ ክርክሩ ወደ ቡናው ተመለሰ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ቢያንስ ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። ኢንተርኔት መዘጋቱን እያወደስኩ አይደለም፤ ያረቢ! ስንቱ ሥራውን አጥቶበታል። ግን ልዩነቱ ይታይ ነበር።

ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። ከተማዋ በደርግ ዘመን የተሠራ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፣ የግል ቢራ ፋብሪካ አላት፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። የመንግሥት ሶሻሊዝም፣ የግል ካፒታልና ልማታዊ መንግሥት በአንድ ከተማ ተሰልፈው ይታያሉ ማለት ነው። ለተከራካሪ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ፓርኩን የሚደግፈው ሥራ አጥ ለሆነ ወጣት ጅምር ደመወዝ ከባዶ እጅ ይሻላል ይላል። የሚተቸው ደመወዙ የቤት ኪራይና ምግብ ከሸፈነ በኋላ ምን ይተርፋል ብሎ ያሰላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢልም የግሉን ዘርፍ የሚይዝ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይወጣ ዓመታት አልፈዋል። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ያለ ቀረጥ ዕቃ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ስታስወጣ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨመረ። ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ ወረቀት ሥራው የሚናጋ ፋብሪካ ምን ያህል የራሳችን ነው?

ከካፒታሊዝምና ከሶሻሊዝም ሌላ መንገድ የለም ወይ የሚሉም አሉ። ወሎ ላይ የመጀመሪያው መልስ ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል ጎረቤትን ያሰባስባል። ይህን ሲያዩ «የራሳችን ሶሻሊዝም» የሚሉ ወጣቶች ገጥመውኛል። እኔ ትንሽ እጠራጠራለሁ። ቅሬ መዋጮውን ከሀብታሙም ከድሃውም እኩል ነው የሚሰበስበው። እኩል መዋጮ ደግሞ ድሃው ላይ ይከብዳል። ቅጣቱም ቀላል አይደለም፤ ከቅሬ የተባረረ ሰው ሬሳ የሚያወጣለት ያጣል። ደቦና እቁብም እንዲሁ ይጠቀሳሉ። እቁብ ያለ ወለድ ካፒታል የሚሰበሰብበት ዘዴ ስለሆነ የደሴ ነጋዴ ይወደዋል።

የወለድ ነገር ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል። በሙራባሃ ውል ባንኩ ዕቃውን ራሱ ይገዛና ትርፍ ጨምሮ በክፍያ ይሸጥልሃል። «ታዲያ ከወለድ በምን ይለያል?» የሚል አለ። «ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ኃላፊነት ተሸክሟል፣ ዕዳውም ስትዘገይ አይራባም» የሚል መልስ ያገኛል። ይህ ክርክር ከሌሎቹ ይልቅ ጨዋ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ምክንያቱ ሁለቱም ወገን ውሉን አንብቦ ስለሚመጣ ይመስለኛል። አውራ አምባም አልፎ አልፎ ይነሳል፤ ዙምራ ኑሩ በደቡብ ጎንደር የመሠረቱት ሠርቶ በጋራ የሚካፈለው ማኅበረሰብ። ግን አንድ መንደር የሚሠራው ለደሴ የሚያህል ከተማ ይሠራል ወይ የሚለው ላይ ክርክሩ ይቆማል።

አሁን የጦፈው የሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ውሳኔ ነው። የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተተወና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር አለፈ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሕዝብ ቀረበ። አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። «የሕዝብ ንብረት ለሕዝብ» አሉ ደጋፊዎቹ። «የራሴን ንብረት መልሼ ልግዛ?» አሉ ሌሎቹ። መሬት ግን አሁንም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ አገሩ ካፒታሊስት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም።

ባለፈው ከኮምቦልቻ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት ጓደኛሞች ይሟገታሉ። አንደኛው የነፃ ገበያ ሰው ነው፤ መንግሥት እጁን ያንሳ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ስለ ቤት ኪራዩ አነሳ። አከራዩ በዓመት ሁለቴ ጨምሮበታል። «አዋጅ እያለ እንዴት ሁለቴ ይጨምራል? የቤት ኪራይ አዋጁን፣ 1320ን፣ አላነበበም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ጓደኛው ሳቀበት። «ነፃ ገበያ አልነበር እንዴ የምትለው?» አለው። ሐረጎን ጨርሰን ደሴ እስክንገባ ለዚያች መልስ ሲፈልግ ነበር።