ከሰርቨር የሚመጣ ዳታ፦ የሰሜን ሸዋ የእህል ዋጋ ገጽ ምሳሌ

የደብረ ብርሃንን ገብስ፣ የሸዋ ሮቢትን ማሾ ዋጋ የሚያሳይ ድረ ገጽ እንውሰድ። ዋጋው በየገበያው ቀን ይለዋወጣል። ስለዚህ ገጹ ላይ አይጻፍም፤ ብራውዘሩ (ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም) በተፈለገ ጊዜ ከሰርቨር፣ ማለትም ዳታውን ይዞ ለጠያቂ ከሚልከው ኮምፒውተር፣ ጠይቆ ያመጣዋል። የሚመጣውም ሁለቱም ወገን በሚያውቁት ቅርጽ የተደረደረ ጽሑፍ ነው።

ከቅርጾቹ አንዱ በ1998 እ.ኤ.አ. ደረጃ የወጣለት ኤክስኤምኤል (XML) ነው። እያንዳንዱን መረጃ በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ስለሚያጥር ጽሑፉ ይረዝማል። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፕሮግራመሩ ዳግላስ ክሮክፎርድ ያስተዋወቀው ጄሰን (JSON) ቀለል ስለሚል ዛሬ በድር ላይ በብዛት የሚሠራበት እሱ ነው። አንድ መዝገብ፣ ዋጋው ሳይጨመር፣ ይህን ይመስላል፦

{"ከተማ": "ሸዋ ሮቢት", "እህል": "ማሾ", "ቀን": "2024-09-11"}

እንደሚታየው አማርኛ ይቀበላል። በሥርዓተ ነጥብ ግን አይደራደርም። በግዕዝ ኪቦርድ ሲጻፍ በኮማው ቦታ «፣» ከገባ የሚበላሸው አንድ መስመር ብቻ አይደለም፤ ፋይሉ በሙሉ አይነበብም። ዋጋን በ፳ እና በ፴ መጻፍም አይሄድም። ጄሰንን በእጅ ከመጻፍ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲያወጣው ማድረግ ይሻላል።

ትልቁ ጣጣ ቀን ነው። ጄሰን ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ እውነት ወይም ሐሰት፣ ባዶ፣ ዝርዝርና ቁልፍ (እንደ "ከተማ" ያለ መጠሪያ) ያለው መዝገብ ያውቃል፤ ቀን የሚባል ዓይነት ግን የለውም። ቀን እንደ ጽሑፍ ነው የሚላከው። መዝጋቢው ጳጉሜ 5ን "2016-13-05" ብሎ ቢልክ የድረ ገጹ ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ጃቫስክሪፕት 13ኛ ወር ስለማያውቅ ልክ ያልሆነ ቀን ይለዋል። ይሄ ደግ ነው፤ ስህተቱ ይታያል። መስከረም 1ን "2017-01-01" ብሎ ከላከ ግን ዝም ብሎ ይቀበለዋል፤ ዋጋውም ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ይሄዳል። መፍትሔው በመዝገቡ ውስጥ የፈረንጁን ቀን ይዞ፣ ለአንባቢ ሲታይ ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ ነው። ይህን ጃቫስክሪፕት ራሱ ይችላል።

የከተማ ስምም እንዲሁ ያስቸግራል። «ደብረ ብርሃን»፣ «ደብረብርሃን»፣ «ደብረ ብርሀን» ለእኛ አንድ ከተማ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት። ለእያንዳንዱ ከተማ መለያ ቁጥር መስጠትና ስሙን ለማሳያ ብቻ መጠቀም ከዚህ ያድናል።

ዳታውን ለመጥራት ፌች (fetch) የተባለው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ አለ። ሰርቨሩ «የለም» የሚል የ404 መልስ ቢሰጥ እንኳ ፌች እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ ምላሹ ደህና መሆኑን ለይቶ መጠየቅ ግድ ነው። ከዚያ የኔትወርኩ ነገር አለ። ፊደላት ለኮምፒውተር በሚጻፉበት በተለመደው ስልት በዩቲኤፍ-8 (UTF-8) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት (የዳታ መጠን መለኪያ) ይወስዳል፤ የላቲኑ 1 ብቻ። ሰርቨሩ ጨምቆ ቢልክ፣ ገጹም የዞኑን ሁሉ ሳይሆን የተመረጠውን ወረዳ ብቻ ቢጠይቅ ጥሩ ነው። የመጨረሻው ዋጋ ከነቀኑ ስልኩ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ ገበሬው የባለፈውን ገበያ ዋጋ፣ የመቼ እንደሆነ እያወቀ ያነባል።