«አሰስ» ማድረግ ማለት ምን ማለት ነው?

ማመልከቻ አስገብታችሁ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልስ መጣላችሁ እንበል። «ጉዳያችሁን አሰስ እያደረግን ነው» ይላል። ተቀበሉን ማለት ነው? ወይስ ነገሩ አከተመ? ገና ምንም አልተወሰነም። ወረቀታችሁን እያገላበጡ ነው። ምን ተሟልቷል፣ ምን ጎድሏል፣ ከመስፈርቱ ጋር ይሄዳል ወይ የሚለውን እያዩ ነው። ውሳኔው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የእንግሊዝኛው ቃል (assess) ዋና ፍሬ ነገር ይኸው ነው። አንድን ነገር በሥርዓት አይቶ ምን ደረጃ ላይ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነ ወይም ምን እንደሚያስፈልገው መናገር። አማርኛው እንደየቦታው ይለያያል። ተማሪ ሲሆን መመዘን፣ ንብረት ሲሆን መተመን፣ በሽተኛ ሲሆን መመርመር፣ ፕሮጀክት ሲሆን መገምገም። አንዱን ብቻ ይዞ ሁሉም ቦታ መለጠፍ አያዋጣም። በተለይ «ግምገማ» ሲባል ብዙዎቻችን ጆሮ ላይ ሂስና ወቀሳ ይመጣል። እንግሊዝኛው ግን የግድ ወቀሳ የለበትም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ቃሉ በፊደላችን ሲጻፍ ቁርጥ የኛን «አሰሰ» ይመስላል። ዝምድና የላቸውም። የኛው አሰሰ ፈለገ፣ ቃኘ ማለት ነው፤ ኢንተርኔት መክፈቻውን «አሳሽ» የምንለውም ከዚያ ነው።

እንግሊዝኛው ቃል የላቲን ዘር ነው። ሥሩ «አጠገብ መቀመጥ» የሚል ሐሳብ አለው፤ ዳኛ አጠገብ ተቀምጦ የሚረዳ ሰው በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን ያኔ ሥራው ጠባብ ነበር። እገሌ ይህን ያህል ግብር ይክፈል፣ እገሌ ይህን ያህል ይቀጣ ብሎ መጠን መቁረጥ። ሰውን፣ ሐሳብን ወይም ሁኔታን መመዘን የሚለው ሰፊ ትርጉም ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጣ ነው። እኛም አዘውትረን የምንላት «ሳይዝ» ከዚሁ ቤተሰብ ናት፤ እሷም በአንድ ወቅት የተወሰነ መጠን ማለት ነበረች።

የድሮው የገንዘብ ትርጉም አልሞተም። ቤት ለግብር ሲተመን ዛሬም አሰስ ተደረገ ይባላል። በብሪታንያ ሰው ገቢውን ራሱ አስታውቆ ግብር የሚከፍልበት አሠራር «ሰልፍ አሰስመንት» (ራስን በራስ መተመን) ይባላል። አሜሪካኖች ደግሞ ቅጣት «መጣል» ለሚለውም ይጠቀሙበታል። በስፖርት ዘገባ ላይ ቡድኑ ላይ ቅጣት አሰስ ተደረገ ከተባለ፣ ያ ማጥናት አይደለም፤ ተቀጡ ማለት ነው፣ አለቀ። ከላይ ያልኩት «ገና አልተወሰነም» የሚለው ነገር እዚህ አይሠራም።

ቃሉን በደንብ የሚያሳየው ግን ሕክምና ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1952 ቨርጂኒያ አፕጋር የተባለች አሜሪካዊት የሰመመን ሐኪም አዲስ የተወለደ ሕፃን በፍጥነት የሚታይበትን ዘዴ አቀረበች። አምስት ነገር ይታያል፦ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የጡንቻ ጥንካሬ፣ ሲነካ የሚሰጠው ምላሽና የቆዳ ቀለም። ለእያንዳንዱ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጣል። የልብ ምቱን ብቻ እንይ። ከሌለ 0፣ በደቂቃ ከ100 በታች ከሆነ 1፣ 100 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 2። ድምሩ ከ10 ይያዛል። ሕፃኑ በተወለደ በ1 ደቂቃ ይታያል፣ በ5 ደቂቃ እንደገና ይታያል።

እዚህ ላይ 4 ያገኘ ሕፃን «ወደቀ» አይባልም። ቶሎ እርዳታ ይፈልጋል ማለት ነው። ቁጥሩ የተሰጠው ቀጥሎ ምን ይደረግ ለሚለው ነው። በ5ኛው ደቂቃ መልሶ ማየቱን ደግሞ እንግሊዝኛ «ሪአሰስ» ይለዋል፤ ሁኔታው ስለተለወጠ እንደገና መመዘን። ይህችን ቃል በዜናም ትሰሟታላችሁ። መንግሥት አቋሙን ሪአሰስ ያደርጋል ሲባል፣ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል እንደማለት ነው።

ትምህርት ቤት ስንመጣ ብዙ ሰው አሰስመንትን ፈተና ብሎ ይረዳዋል። ፈተና ግን ከመሣሪያዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ጥያቄ መጠየቅ፣ ደብተር ማየት፣ ተማሪው ሲሠራ መታዘብ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ማይክል ስክሪቨን የተባለ ምሁር ሁለት ዓይነት ምዘና ለየ። አንዱ ሥራው ገና በሂደት ላይ እያለ እንዲስተካከል የሚደረግ፣ ሌላው አልቆ ሲያበቃ ውጤቱን ለማወቅ የሚደረግ። «ፎርማቲቭ» እና «ሰማቲቭ» ይባላሉ። የሚገርመው፣ እሱ የተጠቀመው «ኢቫሉዌሽን» የሚለውን ቃል ነበር። ዛሬ መምህራን ሁለቱንም ስም ከአሰስመንት ጋር ነው የሚጠሩት።

ታዲያ አሰስ እና ኢቫሉዌት ልዩነታቸው ምንድን ነው? ድንበሩ ልል ነው፣ ብዙ ጊዜም አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። ያም ሆኖ ኢቫሉዌት ወደ ፍርድ ያደላል፦ ነገሩ ጥሩ ነው ወይ፣ ድካሙን ያህል ጠቅሟል ወይ። አሰስ ደግሞ ያለበትን ሁኔታ ወደማወቅ ያደላል። ሌሎቹን መለየት ይቀላል። «ኤስቲሜት» መጠንን በግምት መናገር ነው። «አፕሬዝ» ባለሙያ ዋጋ ሲያወጣ ነው፤ የሠራተኛ የሥራ አፈጻጸም ሲታይም ይባላል። «ጀጅ» ቁርጥ ያለ ብይን ነው።

ከመለካት ጋርም አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመውን የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል እንውሰድ። ከ1990 ጀምሮ የሚያወጣቸው ትልልቅ ሪፖርቶች አሰስመንት ሪፖርት ይባላሉ። ፓነሉ የራሱን አዲስ ምርምር አያካሂድም፣ ሙቀትም አይለካም። ሳይንቲስቶች ያሳተሙትን ሰብስቦ፣ አመዛዝኖ፣ በየትኛው መደምደሚያ ላይ ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንደሚቻል ይናገራል። ልኬቱ የሌሎች ነው፤ ማመዛዘኑ የእሱ።

አጠቃቀሙ ላይ እኛን የሚያደናቅፈን «ስለ» ነው። አማርኛ አሳቢ ጭንቅላት ስለ ጉዳቱ፣ ስለ ሁኔታው እያለ «አባውት» የምትለዋን ቃል ከጀርባው ያስከትላል። አያስፈልግም። ግሡ ጉዳቱን፣ አደጋውን፣ ፍላጎቱን በቀጥታ ይይዛል። ሰው ለአንድ ችግር ሲመረመር ግን «ፎር» ይከተላል። ቤት በይህን ያህል ተተመነ ለማለት ደግሞ «አት»። ከኋላው «ዌዘር» ወይም «ሃው» ሊመጣም ይችላል፦ ድልድዩ ይችል እንደሆነ፣ ውሃው ምን ያህል እንደተበከለ አሰስ አደረጉ።

ሲነገር ጫናው ሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ነው። ሲጻፍ ደግሞ «ኤስ» የምትባለዋ ፊደል አራት ጊዜ ትገባለች፣ ሁለት ሁለት እየሆነች። እሱ ወይም እሷ አሰስ ያደርጋል፣ ታደርጋለች ለማለት ስትጽፉ አምስት ትሆናለች። ፈረንጆቹ ራሳቸው አንዷን ይረሷታል፤ ከመላካችሁ በፊት ቁጠሯት።