«ግራስ ፌድ» ሥጋ ምንድን ነው?

በአሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ሥጋ ለመግዛት ወደ ትልቅ ሱፐርማርኬት ሲገባ፣ በማቀዝቀዣው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት የሥጋ እሽጎች አንደኛው «ግራስ ፌድ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት፣ ዋጋውም ከሌላው ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ቃሉ በቁሙ ሲፈታ «ሣር የበላ» ማለት ነው። ይህ ፍቺ ከብት እየጠበቀ ላደገ ሰው ግራ የሚያጋባ ነው፤ በሬ ድሮውንም ሣር በል እንስሳ ስለሆነ፣ ሣር ያልበላ በሬ ይኖራል ብሎ አይገምትም። ግምቱም ትክክል ነው። በአሜሪካ ለሥጋ ተብለው የሚረቡ ከብቶች፣ በኋላ በበቆሎ የሚደልቡት ጭምር፣ የመጀመሪያ ወራታቸውን የሚያሳልፉት የእናታቸውን ጡት እየጠቡና ሣር እየጋጡ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው በዕድሜያቸው ማብቂያ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው መለያ «የበላ» ብሎ በደፈናው ያልፈዋል እንጂ አማርኛችን ለዚህ ጊዜ የራሱ ግስ አለው፤ ማድለብ። ስለዚህ ሸማች ሊጠይቀው የሚገባው «ከብቱ ምን በላ?» ከማለት ይልቅ «በምን ደለበ?» ብሎ ነው። «ግራስ ፌድ» በጥብቅ ትርጉሙ፣ ጡት ከጣለበት ጊዜ አንሥቶ እስከታረደበት ቀን ድረስ ሣር፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ድርቆሽና የመሳሰለውን ብቻ እየበላ፣ እህል ሳይቀርብለት የደለበ ከብት ሥጋ ነው። «ኮርን ፌድ» ወይም «ግሬን ፌድ» የሚባለው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ወራት በአብዛኛው በበቆሎ የደለበው ነው።

በበቆሎ የሚደልበው ጥጃ ከ6 እስከ 10 ወር ሲሞላው ከእናቱ ይለያል፤ ለተወሰኑ ወራት በግጦሽ ወይም በድርቆሽ ከቆየ በኋላም በሰሜን ቴክሳስ፣ በምዕራብ ካንሳስ ወይም በነብራስካ ወደሚገኙ፣ አንዳንዶቹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ከብት ወደሚይዙ ማድለቢያ ጣቢያዎች ይወሰዳል። በዚያም ከ4 እስከ 6 ወር ያህል በገንዳ የሚቀርብለትን መኖ ይበላል። የመኖው አብዛኛው ክፍል በእንፋሎት ተቀቅሎ የተዳመጠ በቆሎ ሲሆን፣ ጥቂት ድርቆሽ፣ ማዕድናትና ከኢታኖል ፋብሪካዎች የሚወጣ የበቆሎ ተረፈ ምርት ይጨመርበታል። ይህ ተረፈ ምርት በአሠራሩ ከጠላና ከአረቄ ጠማቂዎች የምናውቀው አተላ ነው። በዚህ ሁኔታ ከብቱ በቀን አንድ ኪሎ ተኩል ያህል እየጨመረ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ለዕርድ ይደርሳል፤ በሣር ብቻ የሚደልበው ግን ዕድገቱ አዝጋሚ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ዓመት በላይ ይፈልጋል። በመደርደሪያው ላይ የሚታየው የዋጋ ልዩነት አንዱ ምክንያት ይኸው የጊዜ ርዝመት ነው።

አሜሪካውያን ወደ በቆሎ ያደሉት በአጋጣሚ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተዳቀለ ዘርና የፋብሪካ ማዳበሪያ ሲስፋፉ በቆሎ ተትረፈረፈ፣ ረከሰም። የሀገሪቱ የግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1927 የጀመረው የሥጋ ደረጃ አሰጣጥም በቀዩ ሥጋ ውስጥ ጣልቃ ገብቶ ለሚታየው ስብ ትልቅ ዋጋ ይሰጣል፤ «ፕራይም» እና «ቾይስ» የሚባሉት ከፍተኛ ደረጃዎች በዋነኛነት የዚህ ስብ መለኪያ ናቸው። ይህን ስብ በፍጥነትና በእርግጠኝነት የሚያመጣው ደግሞ እህል ነው።

በስደት ያለን ሰዎች «የሀገር ቤት ሥጋ ሁሉ ግራስ ፌድ ነው» ስንል እሰማለሁ፤ ይህ ግን ግማሽ እውነት ነው። የቦረና ከብት በእርግጥ የግጦሽ ከብት ነው። በአዲስ አበባና በአዳማ ዙሪያ ለበዓል የሚደልበው ሰንጋ ግን ከጭድና ከድርቆሽ ጋር ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ ሞላሰስና አተላ ይበላል፤ ስለዚህ በአሜሪካው ጥብቅ ትርጉም «ግራስ ፌድ» አይባልም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የሐረር ሰንጋ ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውንና በቆሎውን አጠጋግቶ ይዘራል፤ ከዚያ ቡቃያውን እያሳሳ፣ ቅጠሉን እየቀነጠሰ፣ በደጁ ለታሰረው ሰንጋ በእጁ ያበላዋል። ሰንጋው የሚበላው የበቆሎ ተክል ነው፤ ሆኖም ፍሬ ከመያዙ በፊት የታጨደ የእህል ተክል በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የቀድሞ የ«ግራስ ፌድ» መመዘኛ ውስጥ እንደ ሣር ይቆጠር ነበር። መመዘኛውን የማያሟላው በበቆሎው ምክንያት አይደለም፤ ታስሮ በመዋሉ ነው፤ መመዘኛው ከብቱ በሣር ወቅት ወደ ግጦሽ መውጣት እንዲችል ያዝዝ ነበርና።

ሣርና እህል በከብቱ ሆድ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ለዱለት የምንከትፈው ጨጓራ በሕይወት ባለ በሬ ውስጥ ከመቶ ሊትር በላይ የሚይዝ የመብላያ ጋን ነው፤ ሣሩን የሚፈጩት በውስጡ የሚኖሩት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ከብቱ የዋጠውን ሣር መልሶ እያመነዠከ በቀን ከመቶ ሊትር በላይ ምራቅ ያመነጫል፤ ምራቁም ሶዳ መሰል ንጥረ ነገር ስላለው በጨጓራው ውስጥ የሚፈጠረውን አሲድ ያበርደዋል። እህል ሲበላ ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፤ ስታርቹ ቶሎ ስለሚብላላ አሲዱ ይበዛል፣ ማመንዠኩ ስለሚቀንስም ምራቁ ያንሳል። አሲዱ ከመጠን ሲያልፍ የጨጓራው ግድግዳ ይቆስላል፤ ባክቴሪያዎችም በቁስሉ በኩል በደም ሥር ወደ ጉበት ደርሰው መግል ይቋጥራሉ። አድላቢዎች ይህንን ስለሚያውቁ ከብቱን በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ቀስ በቀስ ከእህል ጋር ያለማምዱታል፤ ድርቆሹንም ፈጽሞ አይነሡትም፤ የጨጓራውን ተሕዋስያን ሚዛን የሚጠብቁ መድኃኒቶችንም በመኖው ውስጥ ይጨምራሉ። በበቆሎ የደለበ ሁሉ የታመመ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው፤ በሚገባ የተያዘ ከብት ጤነኛ ሆኖ ይታረዳል።

ልዩነቱን በዓይኔ ያየሁት በአንድ የፋሲካ ዋዜማ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ ገበሬ ሁለት በሬ ገዝተን ቅርጫ በገባን ጊዜ ነበር። አንደኛው እስከ መጨረሻው በመስክ የዋለ፣ ሁለተኛው የመጨረሻዎቹን አራት ወራት በቆሎ የበላ ነበር። ሥጋው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ የአንደኛው ጮማ እንደ ለጋ ቅቤ ቢጫ፣ የሌላው እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ታየ። በቆሎ የበላው ሽንጥ ሲቆረጥ በቀዩ መካከል ነጭ የስብ ክሮች ወዲያና ወዲህ ተጠላልፈውበታል፤ የመስኩ በሬ ግን ቀዩ ጥርት ብሎ፣ ስቡ በዳር በኩል ብቻ ነበር። ከመካከላችን አንድ ጋሼ ቢጫውን እየዳሰሱ «ይኼኛው እኮ የሽማግሌ በሬ ነው» አሉ። ዕድሜ ጮማን ቢጫ የሚያደርግ መሆኑ እውነት ነው፤ የዚያኛው ቢጫነት ግን በዋነኛነት የመጣው ከሣሩ ነው። ካሮትን ካሮት የሚያስመስለው ቤታ ካሮቲን በአረንጓዴ ሣር ውስጥ ሞልቷል፤ በእህል ውስጥ ግን ጥቂት ነው። ከተካፈልነው ሥጋ የመስኩ ቀይ ለክትፎ ተመራጭ ሆነ፤ ለጥብስ ግን ስቡ ስለሚያንስ እሳት ላይ ትንሽ ሲቆይ ይደርቃል፤ ቶሎ ማውጣት ያስፈልጋል።

በጤና ረገድ ልዩነት አለ፤ መጠኑን ግን እንደ ሻጮች ባናጋንነው እመርጣለሁ። በሣር የደለበ ሥጋ በአጠቃላይ የስብ መጠኑ ያንሳል፣ ቫይታሚን ኢ እና ቤታ ካሮቲኑ ከፍ ይላል፤ የኦሜጋ 6 እና የኦሜጋ 3 ስብ ንጽጽሩም 2 ለ1 አካባቢ ሲሆን፣ በእህል በደለበው 7 ለ1 ወይም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን ንጽጽር ሌላ፣ መጠን ሌላ ነው። በ100 ግራም የሣር ከብት ሥጋ ውስጥ የሚገኘው ኦሜጋ 3 በአሥሮች ሚሊግራም የሚቆጠር ሲሆን፣ አብዛኛው ተልባ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። በጾም ወቅት የምንጠጣው አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ብቻውን ከ1000 ሚሊግራም በላይ ይሰጣል። በፕሮቲን፣ በብረት፣ በዚንክና በቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ሁለቱ ሥጋዎች እጅግም አይለያዩም።

ለእኛ ለጥሬ ሥጋ ወዳጆች ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። «ግራስ ፌድ ስለሆነ በጥሬው መብላት አያሰጋም» የሚለው አባባል መሠረት የለውም። የኮሶ ትል ወደ ከብቱ የሚገባው በሰው ዓይነ ምድር በተበከለ ሣር ወይም ውኃ በኩል ስለሆነ፣ በመስክ መዋሉ ከኮሶ አይጠብቀውም። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች በደንብ ባልበሰለ ሀምበርገር ምክንያት ሕፃናትን የገደለው ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ዝርያም በሣርም በእህልም ከደለቡ ከብቶች አንጀት ውስጥ ተገኝቷል። ሥጋን በጠንካራ ማቀዝቀዣ ለቀናት ማቆየት የኮሶውን እጭ ሊገድል ይችላል፤ ኢ ኮላይን ግን አያጠፋም። በተለይ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ከማብሰል የሚተካከል ጥንቃቄ የለም።

በአካባቢ ላይ ስላለው ጫና በአጭሩ ለመናገር፣ የሣር ከብት ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚኖር በአንድ ኪሎ ሥጋ የሚለቀው ሚቴን ከፍ ይላል፤ በሌላ በኩል በሚገባ የተያዘ የግጦሽ መሬት አይታረስም፣ እንደ በቆሎ ማሳም ብዙ ማዳበሪያ አይፈልግም።

የቀረው የመለያው አስተማማኝነት ነው፤ እዚህ ላይ ሸማቹ ነቃ ማለት አለበት። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ለ«ግራስ ፌድ» ያወጣውና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው መመዘኛ በጥር 2016 ተሽሯል። ዛሬ መለያው ጸድቆ የሚለጠፈው በዋነኛነት አምራቹ ለሚኒስቴሩ የምግብ ደኅንነት ክፍል በሚያቀርበው ሰነድ ላይ ተመሥርቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የአሜሪካ ግራስፌድ ማኅበርን የመሰሉ የግል ማረጋገጫ ሰጪዎች ደግሞ እህልንም በጠባብ ቦታ አጉሮ ማድለብንም ይከለክላሉ፤ እርሻውንም ያስመረምራሉ። «ኦርጋኒክ» የሚለው መለያ ሌላ ነገር ነው፤ ኦርጋኒክ በቆሎ የበላ በሬ ኦርጋኒክ ነው። «የዕፀዋት መኖ የበላ» የሚለውም ምንም አያረጋግጥም፤ በቆሎም ዕፅ ነውና። «የአሜሪካ ምርት» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ለዓመታት ከአውስትራሊያ ወይም ከኡራጓይ መጥቶ በአሜሪካ ለታሸገ ሥጋ ጭምር ይለጠፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግን ከብቱ እዚያው የተወለደ፣ ያደገና የታረደ ካልሆነ መጠቀም አይፈቀድም። ከገበሬው በቀጥታ ለሚገዛና ቅርጫ ለሚገባ ሰው መንገዱ አጭር ነው፤ በሬው ከመታረዱ በፊት በነበሩት አምስትና ስድስት ወራት የት እንደዋለና ገንዳው ውስጥ ምን ይጨመርለት እንደነበር ጠይቆ፣ መስኩንም ገንዳውንም በዓይኑ ማየት ይችላል።