ትናንሽ ብረት ለበስ የጦር መርከቦች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የባህር ውጊያን በሞዴል መርከቦች ጠረጴዛ ላይ ለሚጫወት ሰው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ብረት ለበሶች ትልቅ ሀብት ናቸው። ብዙ ጀማሪዎች ግን በተሳሳተ ወሬ ምክንያት ገና ሳይሞክሯቸው ይተዋቸዋል። ያሳዝነኛል።

«የመጀመሪያዎቹ ብረት ለበሶች ሞኒተርና ቨርጂኒያ ናቸው።»
አይደሉም። የፈረንሳይዋ ግሏር በ1859፣ የእንግሊዟ ዋሪየር በ1860 ውሃ ላይ ወርደዋል (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሰሜኑ ጦር ሞኒተርና የደቡቡ ጦር ቨርጂኒያ ስማቸው የገነነው በ1862 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሃምፕተን ሮድስ ላይ ስለተፋለሙ ነው። ብረት ለበስ ከብረት ለበስ ሲዋጋ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«ጥይት ስለማይበሳቸው ጨዋታው ያሰለቻል።»
ይህ ወሬም የመጣው ከዚያው ውጊያ ነው። ሁለቱ ለሰዓታት ተታኩሰው አንዳቸውም አልሰመጡም። ግን ለምን? ቨርጂኒያ የጠበቀችው የእንጨት መርከቦችን ስለነበር ብረት የሚሰብር ድፍን ጥይት አልያዘችም። ሞኒተር ደግሞ መድፎቿ እንዳይፈነዱ ተብሎ ባሩድ እንድትቀንስ ታዛ ነበር። በ1863 ባለ 15 ኢንች መድፏ የሰሜኑ ብረት ለበስ ዊሃውከን ከደቡቡ ብረት ለበስ ከአትላንታ ጋር ስትገጥም 5 ጊዜ ብቻ ተኩሳ አትላንታ እጅ ሰጠች። ስለዚህ የመድፉንና የጥይቱን ዓይነት የማይለይ የጨዋታ ሕግ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

«ገጭቶ ማስመጥ ቀላል ነው።»
ቨርጂኒያ የእንጨት መርከቧን ኩምበርላንድን ገጭታ ያሰመጠቻት ኩምበርላንድ መልህቅ ጥላ በቆመችበት ነው፤ የቨርጂኒያ የፊት የብረት መውጊያም እዚያው ተሰብሮ ቀረ። በ1866 በአድሪያቲክ ባህር ሊሳ ደሴት አጠገብ ተገጭታ የሰመጠችው የጣሊያኗ ሬ ዲታሊያም መሪዋ ተመትቶ እንደልቧ መዞር አቅቷት ነበር። ቨርጂኒያ ፊቷን ለማዞር ብቻ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅባት እንደነበር አስቡት። እንደ ታክሲ እጥፍ የሚል ሞዴል ይህን ሁሉ ያጠፋዋል።

«ሞዴሉ በተለቀ ቁጥር ይሻላል።»
ለመደርደሪያ አዎ። በ1:600 ስኬል (ከእውነተኛዋ መርከብ 600 ጊዜ ያነሰ) ዋሪየር 21 ሴንቲሜትር፣ ሞኒተር 9 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ ያምራሉ። ነገር ግን አንድ ኪሎ ሜትር ጠረጴዛው ላይ 167 ሴንቲሜትር ይወስዳል። በ1:1200 ግማሹ ይበቃል፤ እኔ ለጨዋታ ይህን እመርጣለሁ።

«ማማውን (መድፎቹ ያሉበትን የሚዞር ክፍል) በሙጫ አጣብቀው።»
በፍጹም! የሞኒተር ማማ ለመዞርም ለመቆምም ያስቸግር ስለነበር ሠራተኞቹ እየዞረ ሳለ ይተኩሱ ነበር። የእናንተም ይዙር።