የኤ.ኤ. ስብሰባ፦ በዋሺንግተንና አካባቢው እንዴት ይገኛል፣ ውስጡስ ምን ይመስላል

አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤ.ኤ.፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ማኅበር ነው። በ1935 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ የጀመሩት ሁለቱም በመጠጥ የተጎዱ ሰዎች ናቸው፤ የኒውዮርኩ የአክሲዮን ነጋዴ ቢል ዊልሰንና የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ። ምዝገባም ክፍያም የለም፤ የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። እኛ ዘንድ «ማኅበር» ሲባል ጽዋና ጠላ ይታወሳል፤ እዚህ የሚቀዳው ቡና ነው።

ከስብሰባ በፊት ሐኪም የሚቀድምበት ሁኔታ አለ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በአንዳንዱ ላይ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነቱን የሚያንዘፈዝፍ ሕመም ይጥለዋል፤ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊመጣ ይችላል። ይህ ሊገድል ይችላል። ከዚህ ቀደም ሲያቆም እንዲህ የሆነበት ሰው ጸበልም ስብሰባም ከመሄዱ በፊት ሆስፒታል መሄድ አለበት።

በዋሺንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከማለዳ እስከ ማታ ስብሰባ አይጠፋም። ቀላሉ መፈለጊያ «ሚቲንግ ጋይድ» የተባለው ነጻ የስልክ መተግበሪያ ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ርቀቱን መርጦ ያወጣል። ዝርዝሩ ላይ «ኦፕን» የሚለው ለማንም፣ ለቤተሰብም ለተማሪም፣ ክፍት ነው፤ «ክሎዝድ» የሚለው የመጠጥ ችግር ላለባቸው ብቻ ነው። የጀማሪዎች፣ የሴቶች ብቻና በዙም የሚካሄዱም አሉ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እክል የአድራሻ ነው። አብዛኞቹ የሚሰበሰቡት በቤተክርስቲያን ምድር ቤት ስለሆነ ዋናው በር ተቆልፎ ይገኛል፤ መግቢያው በጎን ወይም ከኋላ በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው። በበዓል ሰሞን ደግሞ ቡድኑ ሊዘጋ ወይም ቦታ ሊቀይር ይችላል። አስቀድሞ ኢንተርግሩፕ ለሚባለው፣ የአካባቢውን የኤ.ኤ. ቡድኖች ለሚያገናኘው ቢሮ ደውሎ ማረጋገጥ ከመንከራተት ያድናል፤ ስልኩን ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ራሳቸው መጠጥ ያቆሙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ሐበሻን ከበር የሚመልሰው ብዙውን ጊዜ «ማን ያየኛል?» የሚለው ስጋት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ሌላ ሰፈር ሄዶ ቢጀምር ችግር የለውም። እዚያ የሚያገኘው የአገሩ ልጅም ቢሆን ለዚያው ጉዳይ የመጣ ነው። አባላት የሚጠሩት በመጀመሪያ ስማቸው ብቻ ነው፤ የሰሙትንም ውጭ አያወሩም። ይሁንና ይህ ባህል እንጂ ሕግ አይደለም። ከሐኪም ወይም ከጠበቃ ጋር የሚደረግ ንግግር ያለውን የሕግ ጥበቃ ስለማያገኝ፣ ፍርድ ቤት የሚደርስ ጉዳይ እዚያ ባይወራ ይመረጣል።

ስብሰባው እንደ ልማዱ 60 ደቂቃ ይፈጃል። መሪው ይከፍታል፣ የማኅበሩ ጽሑፎች ይነበባሉ፣ ከዚያ አንድ ሰው ታሪኩን ይናገራል ወይም በየተራ ይነገራል። ለአንድ ሰው 3 ወይም 5 ደቂቃ የሚሰጡ ብዙ ናቸው። ሰው ሲናገር ማቋረጥ፣ መምከር፣ መመለስ ነውር ነው። ተራ ሲደርስ «ዛሬ መስማት ብቻ ነው የምፈልገው» ማለት ይበቃል፤ እንግሊዝኛ የሚከብደውም በዚህ ይገላገላል። ቅርጫት ሲዞር አንድ ሁለት ዶላር የሚጥል አለ፤ ከአዲስ ሰው ግን አይጠበቅም። በፍርድ ቤት ትእዛዝ የመጣ ሰው መገኘቱን የሚያረጋግጠውን ወረቀት ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ለጸሐፊው ይሰጣል፣ ሲያልቅ አስፈርሞ ይወስዳል። የማይፈርሙ ቡድኖች ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዋናው ነገር የሚሠራው ግን ከሰዓቱ ውጭ ነው። 15 ደቂቃ ቀድሞ ደርሶ ወንበር የሚደረድር፣ ሲያልቅም ቡናው ጋ ቆሞ ስልክ የሚቀያየር ሰው ሰው ያገኛል፤ ልክ ሲጀመር ገብቶ ሲያልቅ የሚሮጥ ሰው ለዓመት ቢመላለስም ብቻውን ነው። ስፖንሰር የሚባለው፣ ከመጠጥ ለመላቀቅ ኤ.ኤ. የሚከተላቸውን 12 ደረጃዎች አብሮ የሚያስኬድ የቆየ አባል፣ የሚገኘውም በዚሁ ጊዜ ነው። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት መያዙ የተለመደ ነው። አዲስ የመጣችን ሴት ለፍቅር የሚያባብል አይጠፋምና በሴቶች ስብሰባ መጀመር ብልህነት ነው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቁም የሚል አባል ካጋጠመም የማኅበሩን አቋም አይወክልም፤ ኤ.ኤ. ሕክምና አይሰጥም።

አንድ ስብሰባ አልጥም ካለ ሁሉም እንዲያ ነው ማለት አይደለም፤ ቡድኖች እጅግ ይለያያሉና ቢያንስ አምስት ስድስት መሞከር ይገባል። በአንዳንድ ቡድኖች ላቆመበት ጊዜ፣ ለ24 ሰዓት፣ ለ30 ቀን፣ ለ90 ቀን፣ እንደ ሳንቲም ያለ ቺፕ ይሰጣል። ተመልሶ የጠጣ አይባረርም፤ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ተቋም ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ ወደ ኤ.ኤ. በሥርዓት የሚያገናኙ ሕክምናዎች ከመጠጥ ጨርሶ በመራቅ ረገድ ከሌሎቹ የተሻሉ መሆናቸውን አግኝቷል። በኤ.ኤ. ስብሰባ ያለው ጸሎትና «አምላክ» የሚለው ቃል የሚከብደው ሰው ስማርት ሪከቨሪ የተባለውን ሌላ የመደጋገፊያ ማኅበር ይሞክራል፤ እሱ በሥነ ልቦና ዘዴዎች ላይ የቆመ ነው።

ለባለቤት፣ ለእናት፣ ለልጅ አል-አኖን የተባለ ለብቻው የቆመ ማኅበር አለ፤ ከ1951 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራል። እዚያ ለመሄድ የሚጠጣው ሰው እስኪያቆም መጠበቅ አያስፈልግም።