ስክሪኒንግ ኤክስፐርመንት ምንድን ነው?

የፕላስቲክ ክዳን የሚያመርት ማሽን አስቡ፣ ክዳኑ እየተጣመመ ይወጣል። ሰው ሁሉ የየራሱ ጥርጣሬ አለው፣ አንዱ የፕላስቲኩ ሙቀት ነው ይላል፣ ሌላው የሞልዱ (ፕላስቲኩ ቅርጽ የሚይዝበት) ሙቀት፣ ግፊቱ፣ የማቀዝቀዣ ጊዜው፣ የጥሬ እቃው እርጥበት፣ ፕላስቲኩ የሚገባበት ፍጥነት፣ ግፊቱ ተይዞ የሚቆይበት ጊዜ... ቁጭ ብላችሁ ስትቆጥሩ 7 ተጠርጣሪ ሞላ። ከነዚህ ውስጥ ውጤቱን በደንብ የሚያንቀሳቅሱት ብዙ ጊዜ ሁለት ወይ ሶስት ናቸው፣ የቀሩት ቢጨመሩም ቢቀነሱም ያን ያህል ለውጥ የላቸውም። ስክሪኒንግ ኤክስፐርመንት ማለት በትንሽ ሙከራ ዋና ዋናዎቹን ከገለባው የሚለይ ወንፊት ነው። ትክክለኛው ሙቀት ስንት ዲግሪ ነው የሚለውን አይመልስም፣ እሱ ቀጥሎ የሚመጣ ሌላ ስራ ነው፣ ይሄ የሚነግራችሁ የትኛው ላይ ጊዜያችሁን ብታጠፉ እንደሚያዋጣ ነው።

አብዛኞቻችን በተፈጥሮ የምናደርገው አንድ በአንድ መቀየር ነው። ሌላውን ሁሉ ባለበት ይዘን ሙቀቱን ብቻ ከፍ እናደርጋለን፣ እናያለን፣ እንመልሰዋለን፣ ከዛ ግፊቱን... ጥንቃቄ ይመስላል፣ እኔም ለረጅም ጊዜ ትክክለኛው መንገድ እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ግን ለ7 ፋክተር (ውጤቱን ይቀይራል ብለን የምንጠረጥረው እያንዳንዱ ነገር) አንድ መነሻና ሰባት ለውጥ፣ በድምሩ 8 ዙር ሙከራ ሰርታችሁ ስለ ሙቀቱ የምታውቁት ከሁለት ዙር ብቻ ነው፣ አንዱን ከአንዱ አወዳድራችሁ። በዛች ሰአት ማሽኑ ትንሽ ቢያመነታ ወይ ለኪው ቢሳሳት ያንን የሙቀቱ ስራ ነው ብላችሁ ትወስዳላችሁ።

ስክሪኒንግ ዲዛይን እነዚያኑ 8 ዙሮች ወስዶ በየዙሩ ብዙ ፋክተር አንድ ላይ ይቀይራል፣ ግን በዘፈቀደ ሳይሆን በተሰላ ሰንጠረዥ። እያንዳንዱ ፋክተር በ4 ዙር ከፍ በ4 ዙር ዝቅ ብሎ ይሞከራል፣ ፋክተሩ ከፍ ባለባቸው 4 ዙሮች ውስጥ ደግሞ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ግማሹን ከፍ ግማሹን ዝቅ ስለሚሉ ተጣፍተው ይቀራሉ። ስለዚህ ስለ ሙቀቱ ስምንቱም ዙር ይመሰክራል፣ ስለ ግፊቱም ስምንቱም፣ ስለ ሁሉም። በተመሳሳይ 8 ዙር የግምታችሁ ስታንዳርድ ኤረር፣ ማለትም ግምቱ በተለምዶ የሚስትበት መጠን፣ በግማሽ ይወርዳል። ሁሉንም ቅልቅል ልሞክር ብትሉ ግን 7 ፋክተር በሁለት ደረጃ 128 ዙር ነው፣ ይሄን ማን ይፈቅድላችኋል?

በትንሹ ላሳያችሁ፣ 3 ፋክተር (ሙቀት፣ ግፊትና የማቀዝቀዣ ጊዜ) በ4 ዙር፣ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ያወጣኋቸው ናቸው፣ ከ100 ክዳን የተጣመመው ስንት ነው የሚለው።
ዙር 1፦ ሙቀት ዝቅ፣ ግፊት ዝቅ፣ ጊዜ ከፍ፣ 14
ዙር 2፦ ሙቀት ከፍ፣ ግፊት ዝቅ፣ ጊዜ ዝቅ፣ 6
ዙር 3፦ ሙቀት ዝቅ፣ ግፊት ከፍ፣ ጊዜ ዝቅ፣ 12
ዙር 4፦ ሙቀት ከፍ፣ ግፊት ከፍ፣ ጊዜ ከፍ፣ 4

ሙቀት ከፍ ያለባቸው 6 እና 4 ናቸው፣ አማካዩ 5፣ ዝቅ ያለባቸው 14 እና 12፣ አማካዩ 13፣ ስለዚህ ሙቀት ሲጨምር መጣመሙ በ8 ቀነሰ። ግፊቱን በዛው መንገድ ስሩት፣ 8 ለ10፣ ልዩነቱ 2። ጊዜው 9 ለ9፣ ምንም። በቃ ሂሳቡ ይሄው ነው፣ መደመርና ማካፈል።

አሁን ዋጋውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ሳይረዱ የሚሰሩት ሰዎች ናቸው በኋላ ዘዴው አይሰራም የሚሉት። ሰንጠረዡን አስተውላችሁ ብታዩት ሙቀትና ግፊት አንድ አይነት ሲሆኑ፣ ሁለቱም ዝቅ ወይ ሁለቱም ከፍ፣ ጊዜው ሁልጊዜ ከፍ ነው። ስለዚህ የጊዜው ስራና ሙቀትና ግፊት ተጣምረው የሚሰሩት ስራ በቁጥሩ ላይ ተደባልቀዋል፣ ዳታው ብቻውን አይለያቸውም፣ ይሄ ነው ኤሊያሲንግ የሚባለው። ያ "ምንም" ያልነው ጊዜ ምናልባት 3 ጨምሮ ጥምረቱ ደግሞ 3 ቀንሶበት ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬ ካለ መፍትሄው ከፍና ዝቁን በሙሉ ገልብጦ ያንኑ ያህል ዙር ደግሞ መስራት ነው፣ ፎልድኦቨር ይሉታል፣ ዋናውን ስራ ከጥምረቱ ይለያል።

ሀሳቡ ከግብርና ሙከራ ነው የተነሳው፣ የስታትስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እንግሊዝ ሮታምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.)። በ1946 ፕላኬትና በርማን 11 ፋክተር በ12 ዙር የሚያጣራ ሰንጠረዥ አወጡ፣ እስከ ዛሬ ይሰራበታል። በ2011 ደግሞ ጆንስና ናክትሻይም ያወጡት ዲዛይን በሶስት ደረጃ ስለሚሞክር 6 ፋክተር በ13 ዙር አጣርቶ ፋክተሩ ሲጨምር ውጤቱ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እየጎበጠ የሚሄድ ከሆነም ያሳያል።

ስራ ላይ የሚያበላሹት ነገሮች ሁለት ናቸው ባይ ነኝ። አንዱ ከፍና ዝቁን አቀራርቦ መያዝ ነው፣ ሙቀቱን በ2 ዲግሪ ብቻ ቀይራችሁ "ለውጥ የለም" ብትሉ የጣላችሁት ዋናውን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የዙሩን ተራ በእጣ አለማውጣት፣ ዝቅተኛ ሙቀቶቹን ሁሉ ጠዋት ከፍተኛዎቹን ከሰአት ከሰራችሁ የለካችሁት ማሽኑ እየጋለ መሄዱን እንጂ ፋክተሩን አይደለም።

መማር የምትፈልጉ ፋብሪካ አያስፈልጋችሁም፣ ወረቀት በሄሊኮፕተር ቅርጽ ቁረጡ። የክንፉ ርዝመት፣ የክንፉ ስፋት፣ የእግሩ ርዝመት፣ ወረቀቱን የሚይዝ ክሊፕ መኖር አለመኖሩ፣ አራት ፋክተር አገኛችሁ። በ8 ዙር ሰንጠረዥ ስሯቸው፣ ተራውን በእጣ አውጡ፣ ከአንድ ከፍታ እየጣላችሁ መሬት እስኪደርስ ስንት ሰከንድ አየር ላይ እንደቆየ በስልካችሁ ያዙ። ከዛ ስሌቱ ረጅም ይቆያል ያላችሁን ሄሊኮፕተር አዲስ ሰርታችሁ አራት አምስት ጊዜ ጣሉት፣ የሰጣችሁን ሰከንድ ካላመጣ ተደባልቆ የተሸፈነ ጥምረት አለ ማለት ሊሆን ስለሚችል የአራተኛውን ፋክተር ከፍና ዝቅ ብቻ ገልብጣችሁ ሌላ ስምንት ቁረጡ (አራት ፋክተር በ8 ዙር ሲሆን ሁሉንም መገልበጥ እነዚያኑ ስምንት ሊመልስላችሁ ይችላል)።