ቅሬታ ሌላ፣ ይግባኝ ሌላ፦ በብሪታንያ የሥራ አጥነት ድጎማ ቢሮን ስለመክሰስ የሚነገሩ ስህተቶች

«ቅሬታ አስገብቻለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።»

በብሪታንያ ለሚኖሩ ወገኖች ደብዳቤ ስተረጉምና ቅጽ ስሞላ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር ወዲያው የምጠይቀው፣ የውሳኔው ደብዳቤ የወጣበትን ቀን ነው። ብዙ ጊዜ «ሁለት ወር ይሆነዋል» ይሉኛል። እነዚያን ሁለት ወራት በትዕግሥት የጠበቁት በተሳሳተ በር ላይ ቆመው ነው። ደግሜ ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ፤ ዛሬ ልጻፈው። የምጽፈው ለእንግሊዝ፣ ለስኮትላንድና ለዌልስ ነዋሪዎች ነው፤ ሰሜን አየርላንድ የራሷ አሠራር አላት።

«ቅሬታ ካቀረብሁ የተቋረጠው ገንዘቤ እንደገና ይታይልኛል»

አይታይም። የስህተቱ ሥር ቋንቋችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። «አቤቱታ» የሚለው ቃል ሁሉን ጠቅልሎ ይይዛል። አያቶቻችን በዳኛ ፊት ቆመው «አቤት!» ሲሉ የተወሰደባቸውን መሬትም የተሰደቡትን ስድብም በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚናገሩት። እዚህ ግን በሩ ሁለት ነው። ቢሮው አንጓጥጦዎት፣ ሰነድዎን ጥሎ፣ ለሳምንታት አጓትቶ ወይም የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ ከሆነ ያ ቅሬታ ነው። ክፍያ የከለከለ፣ የቀነሰ ወይም ሳንክሽን የሚሉትን ቅጣት የጣለ ውሳኔ ከሆነ ግን መንገዱ ይግባኝ ነው። የቅሬታ ክፍሉ ውሳኔውን የመሻር ሥልጣን የለውም።

የይግባኙ መንገድ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ውሳኔውን የሰጠው የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር ራሱ እንደገና እንዲያየው ይጠየቃል፤ በደብዳቤዎቹ ላይ «ማንዳተሪ ሪኮንሲደሬሽን» ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው። ለዚህ ያለዎት ጊዜ 1 ወር ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ላይ ከታተመው ቀን ጀምሮ እንጂ እርስዎ ፖስታውን ከከፈቱበት ቀን አይደለም። መልሱ ካላረካዎት በ1 ወር ውስጥ ትራይቡናል ወደሚባለው፣ ከሚኒስቴሩ ነፃ ወደሆነው የዳኝነት ጉባኤ ይሄዳሉ። ክፍያ የለውም። አስቀድመው ከጠየቁ አስተርጓሚም ይመደብልዎታል።

አንድ ወንድማችን ልጁን ሆስፒታል ይዞ ሄዶ ቀጠሮ አመለጠው። ድጎማው ተቀጣ፤ ሊያስረዳ ሲሄድም ሠራተኛው ክፉ ቃል ተናገረው። ስድቡ ከገንዘቡ በላይ አንገበገበው፤ አይፈረድበትም። በሳምንቱ አራት ገጽ ቅሬታ ጽፎ ላከ። ሆስፒታሉን ያነሣው ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ በአንድ መስመር ብቻ ነበር። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ትሕትና የተሞላ የይቅርታ ደብዳቤ ደረሰው። ቅጣቱ ግን እንዳለ ነበር፤ ወሩም አልፏል።

ደብዳቤውን ይዞ ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱ ላይ ደስታ ነበር፤ ያሸነፈ መስሎት። ያንን ፊት አልረሳውም።

ደግነቱ ወሩ ማለፉ የመጨረሻው አይደለም። በቂ ምክንያት ካለዎት ውሳኔው ከወጣበት ቀን አንሥቶ እስከ 13 ወር ድረስ ዘግይተው መጠየቅ ይችላሉ። ምክንያቱን ጽፈን ጠየቅን። ዘግይቷል ብለው መለሱን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሊቆርጥ ግን አይገባም። የላይኛው ትራይቡናል በ2017 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በሰጠው ውሳኔ፣ በ13 ወሩ ውስጥ የጠየቀ ሰው ጥያቄው በመዘግየቱ ብቻ ውድቅ ቢደረግበትም ይግባኝ ማለት እንደሚችል አረጋግጧል። ወንድማችንም ትራይቡናል ቀረበ፤ የሆስፒታሉን ወረቀት አሳየ፤ ቅጣቱ ተነሣለት። ከመጀመሪያው ደብዳቤ እስከ ገንዘቡ 11 ወር ፈጅቷል። የዘገየበት ዋና ምክንያት ያ አራት ገጽ ነው።

ሁለቱም በደል ከደረሰብዎት ሁለቱንም ያቅርቡ፤ ነገር ግን በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች፣ ይግባኙን አስቀድመው።

«ከከሰስኳቸው ድጎማዬን ይዘጉብኛል»

ክፍያ የሚቀጣባቸው ምክንያቶች በሕግ ተዘርዝረዋል፤ ቅሬታ ማቅረብ ከእነርሱ አንዱ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድን ወይም ዜግነትን ያሰናክላል የሚለውም መሠረት የለውም።

«ጉዳዬ እስኪታይ ቀጠሮ መሄድ አያስፈልገኝም»

እባክዎ ይህን አያድርጉ። አኩርፎ የቀረ ሰው በአንዱ ቅጣት ላይ ሌላ ይጨመርበታል። የገቡት የሥራ ፍለጋ ግዴታ ይቀጥላል። በቅጣት ምክንያት የሚበሉት ካጡ የችግር ጊዜ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ ዩኒቨርሳል ክሬዲት በሚባለው ድጎማ የሚሰጠው ግን ኋላ ተመላሽ የሚሆን ብድር ነው።

«ስህተቱ የእነርሱ ከሆነ የተከፈለኝን ትርፍ አልመልስም»

ይህ ብዙ ሰው አስደንግጧል፤ እኔንም ያሳዝነኛል፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው። በዩኒቨርሳል ክሬዲት በትርፍ የተከፈለ ገንዘብ ስህተቱ የቢሮው ቢሆን እንኳ ሊጠየቅ ይችላል። እርስዎ ሁለት ነገር ማድረግ ይችላሉ። ሒሳቡ ትክክል ካልሆነ በይግባኙ መንገድ ይሟገታሉ። ሒሳቡ ትክክል ከሆነና መክፈሉ ጤናዎን ወይም ኑሮዎን የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ ዕዳው እንዲነሣልዎት ወይም ተቀናሹ እንዲያንስልዎት ይጠይቃሉ። ቢሮው መሳሳቱን የሚያምን የቅሬታ መልስ በእጅዎ ካለ ለዚህ ጥያቄ ይጠቅማል።

«ቢሮው አይሆንም ካለ ቅሬታው አለቀ»

አላለቀም። የሚኒስቴሩን የመጨረሻ መልስ ካገኙ በ6 ወር ውስጥ «ኢንዲፔንደንት ኬዝ ኤግዛሚነር» ወደሚባለው መርማሪ ክፍል መውሰድ ይችላሉ። ከዚያ በላይ የፓርላማው እንባ ጠባቂ አለ። ወደ እንባ ጠባቂው የሚደረስበት መንገድ ግን ከ1967 ዓመተ ምሕረት (አሁንም እንደ አውሮፓውያኑ) ሕግ ጀምሮ በፓርላማ አባል በኩል ነው። «ዜጋ አይደለሁም፣ የመረጥሁትም ሰው የለም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የአካባቢዎን እንደራሴ እርዳታ ለመጠየቅ ነዋሪ መሆንዎ ይበቃል።

«ጠበቃ ያስፈልጋል፤ እንግሊዝኛዬም አይበቃም»

ጠበቃ አያስፈልግም። ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት በነፃ ይረዳል። ትራይቡናሉም አስቀድመው ከጠየቁ አስተርጓሚ እንደሚመድብ ከላይ ብያለሁ።

«በስልክ ነግረውኛል»

በስልክ የተባለውን እርስዎ ካልመዘገቡት በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው። የደወሉበትን ቀንና ሰዓት፣ ያናገረዎትን ሰው ስም፣ የተባለውን ቃል በዚያው ቀን ጻፉት፤ ቢቻል ጆርናል በሚባለው የዩኒቨርሳል ክሬዲት የኢንተርኔት መልእክት መጻፊያዎ ላይ «ዛሬ በስልክ እንዲህ ተብያለሁ» ብለው ያስፍሩት። ስለ እርስዎ የያዙትን መዝገብ ቅጂ የመጠየቅ መብትም አለዎት፤ በነፃ ነው፤ መልሱም በመደበኛው በ1 ወር ውስጥ መድረስ አለበት። የይግባኙን ቀን ግን መዝገቡ እስኪመጣ ብለው አያሳልፉት።

ደብዳቤው በእጅዎ ካለ አሁን ገልጠው የታተመበትን ቀን ያንብቡ። ወሩ ካላለፈ ዛሬውኑ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ይጠይቁ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ የትኛው ውሳኔ፣ ለምንስ ስህተት ነው። የሠራተኛው ክፉ ቃል ነገ በሌላ ወረቀት ይጻፋል።